ፈረሰኛው ለማን ይድረስ?

ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ የሚሄድ ሚኒባስ እስኪሞላ ድረስ ሁለት አገር ተጣልቶ ይታረቃል። በዚያ የዳግም ትንሣኤ እሑድ ጠዋት አያ እጅጉ ከሾፌሩ ኋላ ያለውን ወንበር ይዘው፣ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው፣ የሚያውቃቸው ሰው እንዳይገባ እየጸለዩ ተቀምጠዋል። ጸሎቱ ከባድ ነበር። በብርና በላህ ወንዝ መካከል አያ እጅጉን የማያውቅ ሰው ቢኖር ገና ያልተወለደ ነው። ሽማግሌ ናቸው፤ ያውም እንደዋዛ ሽማግሌ አይደሉም። እሳቸው «በሕግ አምላክ!» ያሉ እንደሆነ የተሰነዘረ ዱላ አየር ላይ ይቀራል፤ የሚዋጉ በሬዎች እንኳ ቀንዳቸውን አላቅቀው ይቅር ይባባላሉ ይባላል። በሬዎቹን አየሁ የሚል ሰው ባይገኝም፣ ሐሰት ነው ብሎ የተከራከረም የለም።

እንዲህ ያከናነባቸው የትናንቱ ጉድ ነው።

ለበዓል ጥየቃ የሄዱባቸው ዘመዶቻቸው እያዋዙ የከተማው አዳራሽ አስገቧቸው። የሚታየው ቴአትር የበዓል ገበታ ነበር። አባት በመሶቡ ራስ፣ ወንዶች ልጆች በግራ በቀኝ፣ እናት ጭልፋ ይዛ ቆማለች። ከሩቅ ከተማ የመጣችው ሴት ልጅ ደግሞ «እማዬ ካልተቀመጠች እኔም አልቀመጥ» ብላ ተገትራለች። ፈረሰኛው፣ ከዶሮው ብልት ሁሉ ለአባወራ የሚወጣው የክብር ቁራጭ፣ ወጭቱ ላይ ይቀዘቅዛል። አዳራሹ ጭጭ ከማለቱ የተነሣ ዝንቦች መብረሩን ትተው በእግራቸው ይሄዱ ነበር። ኋላ አባትየው ዱላውን ጨበጠ።

«በሕግ አምላክ!» አሉ አያ እጅጉ።

ብለውም አልቀሩ፤ ከዘራቸውን ይዘው መድረኩ ላይ ወጡ። ተዋንያኑም የጎጃም ልጆች ናቸውና ቀጥ ብለው ቆሙ፤ አባት የሆነው ራሱ ብድግ ብሎ ቦታውን ለቀቀላቸው። አያ እጅጉ ተቀምጠው ፈረዱ። «ልጅት፣ ያባትሽን ጉልበት ሳሚ። አባትም ይቅር በል። አለቀ!» የሕዝቡ ሣቅ ቆርቆሮውን አንሥቶ ሊወስደው ምንም አልቀረው። ግን ከወደ ኋላ አንዲት ሴት ተነሥታ፣ «እናትየዋስ አባቴ? የት ትቀመጥ?» አለች።

አያ እጅጉ ብድግ አሉ። ከዘራቸውን አንሥተው ወጥተው ሄዱ።

ነገሩ የገዛ ቤታቸው ነገር ነበርና። ልጃቸው አምለሰት ባሕር ዳር ነርስ ናት። የገና ዕለት በዚሁ ጉዳይ ተጣልታ እህል ሳትቀምስ ተመልሳለች። አሁን ለዳግም ትንሣኤ ቡሬ መጥታ፣ ከነሱ ቤት ሳይሆን አክስቷ ቤት ገብታለች፤ የላከችው ቃልም አጭር ነው፤ «እመጣለሁ። እናቴ ከቆመች ግን እኔም ቆሜ እመለሳለሁ፤ ከእንግዲህ ለበዓል አትጠብቁኝ።»

ሚኒባሱ ሊነቃነቅ ሲል አንድ ቀጭን ወጣት ዘሎ ገባና ከጎናቸው ተቀመጠ። «እንደምን አደሩ አባቴ?»

ጋቢው ወረደ። «ይኼን ድምፅ አውቀዋለሁ! አንተ፣ ትናንት ሽበታም አልነበርህም?»

«ጥጥ ነበር አባቴ፤ አባትየውን የሠራሁት እኔ ነኝ። ባምላኩ እባላለሁ፤ መምህር ነኝ። ድርሰቱም የኔው ነው።»

«ወይ አምላኬ! ለካ ጥጥ ሳስታርቅ ነው የዋልሁት!»

ፊት ያሉት ተሳፋሪዎች ሳቁ። አያ እጅጉ ግን ዋዛውን ወዲያው ተዉት። «ስማኝ ልጄ፤ አስተማሪ ከሆንህ ዘንድ ትሰማለህ። ገመና ለጓዳ ነው። እናንተ ጓዳውን አደባባይ አወጣችሁት። ያንን ቤት ማን ነገራችሁ?»

«እኔ እርስዎን ከትናንት በፊት አይቼዎትም አላውቅ። ግን ሕዝቡ ሲወጣ በር ላይ ቆሜ ነበር። ወንዶቹ ሁሉ ‹ጎረቤቴን ነው የሠሩት› ይላሉ፤ ሴቶቹ ሁሉ ‹ቤቴን ማን አሳያቸው?› ይላሉ። አንድ ጨዋ ሰው ‹ደኅና ትምህርት ነው፤ ወንድሜ ባየው› ሲል ሚስቱ ዞራ ተመለከተችው። እንዲያ ያለ አስተያየት በኔ ላይ ቢመጣ በእግሬ አዲስ አበባ እገባ ነበር።»

«መሣቁንስ ትሥቃለህ። ገበታ ሥርዓት ነው። አባት ሲቀመጥ እናት ታስተናግዳለች፤ ከዚያ ልጆች፣ ከዚያ እሷ። አባቶቻችን ያቆዩት ነው። በገበታ ላይ ወሬም ነውር ነው።»

«ሥርዓት መኖሩን አልቃወምም አባቴ። ግን ይፍቀዱልኝና ልጠይቅዎ፤ ከባለቤትዎ ጋር በቁርባን ነው የተጋባችሁ?»

«ታዲያስ! እኔን ምን አስመሰልኸኝ?»

«ያን ዕለት ከአንዱ ጽዋ ስትቀበሉ፣ ለሳቸው የደረሳቸው የእርስዎ ትራፊ ነበር?»

አያ እጅጉ ዞረው በመስኮት ተመለከቱ። ከማንኩሳ ወዲህ ያሉትን ዛፎች ሁሉ ቆጥረው ሳይጨርሱ አልቀሩም። በመጨረሻ፣ «እናኑ ራሷ እኮ መቀመጥ አትፈልግም» አሉ ቀስ ብለው። «እንዲያ ነው የለመደች።»

«ጠይቀዋቸው ያውቃሉ?»

«የለመደ ነገር ይጠየቃል እንዴ!»

«አያ እጅጉ፣ ቅኔ ቤት ውለዋል ሲባል ሰምቻለሁ። እስቲ ‹ፈረሰኛ› የሚለውን ቃል እንደ ቅኔ ሰው ይፍቱት። ሰሙ የዶሮ ብልት ነው። ወርቁስ?»

አያ እጅጉ ዓይናቸውን ጨፈን አደረጉ፤ ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። ድንገት ከዘራቸው የሚኒባሱን ወለል መታ። «ፈረሰ! ... ‹ፈረሰ› አለበት! አንተ የሰይጣን ጆሮ አይስማ! ቤቱ የፈረሰው በፈረሰኛው ነው ልትለኝ ነው!»

«እኔ አላልሁም፤ እርስዎ ፈቱት።»

ቅኔ የነካው ጎጃሜ በምክንያት ካልተረታ በቃል ይረታል። አያ እጅጉ መቆጣት አምሯቸው ነበር፤ ፊታቸው ግን ሳያስፈቅዳቸው ፈገግ አለ። «ደኅና። መጨረሻው እንዴት ሆነ? ከወጣሁ በኋላ ልጅቱ ተቀመጠች?»

«መጨረሻ የለውም አባቴ። እርስዎ ‹በሕግ አምላክ› ብለው አቆሙን፤ ሳይፈቱን ሄዱ። እኛ እንደቆምን ቀረን፤ ሕዝቡ ሲከራከር አመሸ። መጋረጃው እንኳ አልተዘጋም። በሕግ አምላክ ያለ ሰው ደግሞ ነገሩን ሳይጨርስ አይሄድም ሲባል እየሰማሁ ነው እኔ ያደግሁት።»

ይህ ነገር ከቁርባኑም ከቅኔውም ይልቅ ዘልቆ ገባ። በሕይወታቸው ያቋረጡት ሽምግልና አልነበራቸውም። ቡሬ ሲወርዱ የባምላኩን ስልክ ቁጥር ተቀብለው መንገዳቸውን ቀጠሉ።

ቤታቸው ሲደርሱ መሶቡ ቀርቧል። ወንዶቹ ልጆች ዙሪያውን ይዘዋል። እናኑ ወጡን አቅርባ ጭልፋዋን እንደያዘች ቆማለች። አምለሰት ሻንጣዋን ሳታስቀምጥ ከበሩ አጠገብ ተደግፋለች። ቁርጥ ትናንት መድረኩ ላይ እንደተዉት ነበር።

አያ እጅጉ ከመሶቡ ራስ ተቀመጡና ጎናቸውን በእጃቸው መታ መታ አደረጉ። «እናኑ፣ ነይ ተቀመጭ።»

«እኔ? እንጀራውን ማን ይጨምራል? ወጡንስ ማን ያወጣል? ፍኖተ ሰላም ምን አብልተው ሰደዱዎ አንቱ?» አለች እናኑ። «ይብሉ ይልቅ፣ ይቀዘቅዛል። እኔ ለምጀዋለሁ።»

አምለሰት ሻንጣዋን ወደ ትከሻዋ ሳብ አደረገች።

«በሕግ አምላክ!»

ቤቱ ቀጥ አለ። ጭልፋው አየር ላይ ቀረ። አያ እጅጉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ታከለ፣ ተነሥ። ጭልፋውን ከናትህ ተቀበል። ዛሬ የምታስተናግደው አንተ ነህ» አሉ። ትልቁ ልጅ እናቱን አየ፣ አባቱን አየ፣ ተነሣ። እናኑ ጭልፋውን የሰጠችው እንደ ሹመት ዱላ እየሳሳች ነው። ከዚያ ጫፍ ላይ፣ ልትነሣ እንደተዘጋጀች ሰው፣ ተቀመጠች።

አያ እጅጉ ከፈረሰኛው ሥጋውን ቦጨቅ አድርገው በእንጀራ ጠቀለሉ። «አፍሽን ክፈች።»

«ልጆቹ እያዩን?»

«እነሱ እንዲያዩ ነው።»

ጎረሰች። አላመጠች። ቆይታ፣ ለማንም ሳይሆን ለራሷ፣ «ለካ ወጤ በትኩሱ እንዲህ ነው!» አለች።

ይህን ያህል ዘመን ስትሠራው የኖረች ሴት ናት። መንደሩ ያደነቀላትን ወጥ እሷ በትኩሱ አታውቀውም ነበር። አያ እጅጉ በሺህ ሽምግልና ያልደነገጡትን ያህል ደነገጡ። አምለሰት ሻንጣዋን መሬት አስቀመጠችና ከናቷ ጎን ተቀመጠች፤ የሚቀጥለውን ጉርሻ ለአባቷ አጎረሰች።

እንግዲህ ሚዛኑን አንባቢ ይያዝ። በዚያ ቤት ሥርዓት አልፈረሰም፤ አባት ዛሬም በመሶቡ ራስ ነው፣ ገበታውም ሳይባረክ አይቆረስም። ግን እናት ትራፊና ቀዝቃዛ መብላቷ ቀረ፤ ነርሷ ልጅ እንደምትለው የጉልበቷ መዛል የመጣው ከዚያ ነበር። ወንዶቹ እጃቸው ከሌማት እስከ አፍ ብቻ ሳይሆን እስከ ጓዳም እንደሚደርስ አወቁ። በገበታ መጨዋወት ስለተጀመረ ቂም ከአንድ በዓል ወደ ሌላው መሻገር አቆመ። ሸፈንሁት ያሉት ገመና ልጅን ያህል ነገር ከበር ሲመልስ እንደኖረ፣ በመድረክ ሲታይ ግን መድኃኒት እንደተገኘለት፣ አያ እጅጉ አሁን በየሽምግልናው ይናገራሉ፤ ሐሳቡንም ከራሳቸው ያመነጩት ይመስላሉ።

በዚያው የዳግም ትንሣኤ ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ የባምላኩ ስልክ ጠራ።

«ማን ልበል?»

«ጥጡን አውልቅ ልጄ» አለ የሽማግሌ ድምፅ። «ተቀምጣለች። መጋረጃውን ዝጉት።»