«ተነሳ» ያልኳቸው ቀን

እኔ እንኳን ሰው ላይ ዶሮም ላይ አልጮህም። ታዲያ አንድ ቀን አያቴን «ተነሳ» አልኳቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አያቴ በጉብዝናቸው ደባርቅና ዛሪማ የተመላለሱበት እንግሊዝ ሠራሽ ሞተር ሳይክል ጓሮ ውስጥ ዝጎ፣ ዶሮ ሰፍሮበት ይኖር ነበር። አጎቴ ለቁራሌው ሊሸጠው ሲል ለመንኩት። «ቁራሌው ቅዳሜ ይመጣል፤ እስከዚያ ካስነሳሽው ይቀራል» አለኝ። ስለ ሞተር የማውቀው ነገር አልነበረም። የጎረቤታችን መካኒክ ያዋሰኝ መፍቻ ሁሉ ለብሎኖቹ ወይ ይጠባል ወይ ይሰፋል። እንደምንም ፈታትቼ ካርቡሬተሩን በጥርስ ብሩሼ አጠብኩ፣ የካንዴላውን ጥላሸት ፋቅኩ፣ መልሼ ገጠምኩት።

ቅዳሜ ጠዋት ጉሙ ከገደሉ ወጥቶ ግቢያችንን ዋጠው። አያቴ ዱካ ላይ ተቀምጠው ጋቢያቸውን ተከናንበው ያንቀላፋሉ፤ ጉሙ ውስጥ የተንሳፈፉ ይመስላሉ። የቁራሌው ጥሪ ወደ በራችን ሲቀርብ ማስነሻውን ደጋግሜ ረገጥኩት። ሞተሩ አንዴ አስነጠሰና መንደቅደቅ ጀመረ። «ተነሳ!» ብዬ ጮህኩ።

አያቴ ብድግ አሉ። «እኔን ነው አንቺ ተነሳ የምትይው?»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። «እርስዎን አይደለም አባባ፣ ሞተሩን ነው» አልኩ፤ ድምፄ ግን ተመልሶ ጠፍቶ ነበር። እሳቸውም እኔን አይሰሙም፤ ዓይናቸውን ጨፍነው ሞተሩን ያዳምጣሉ።

«እኔንም ነው እንጂ» አሉ ቀስ ብለው። «በይ ደጅ የቆመውን ቁራሌም እንዲሁ ጮክ ብለሽ ሂድ በይው።»

እሱን እንኳ አልቻልኩም። ለሞተሩ ነዳጅ ሰጠሁት፤ እሱ ጮኸልኝ።