ባዶው ወንበር ተስማማ

የመድኃኒት ቤቴ የብረት በር ማጠፊያ ባይሰበር ኖሮ ያን ቀን ከብየዳ ቤቱ ደጃፍ ባልደረስኩ፤ ይህንንም ክርክር ባልሰማሁ። ሽማግሌው በያጅ ጎረቤቴ ናቸው። እጃቸው ወርቅ ነው፤ ጠባያቸው ግን አያድርስ! ሰፈሩ «ማን አለ» እያለ ይጠራቸዋል። ነገ ፀሐይ ትወጣለች ቢባሉ እንኳ መጀመሪያ የሚጠይቁት ይህን ያለው ማን እንደሆነ ነው። እኔን ደግሞ ፋርማሲስት ነኝ ብዬ ብምል ብገዘት «ዶክተር» ማለታቸውን አልተዉም።

ማጠፊያውን ይዤ ስገባ የእኅታቸው ልጅ ፊታቸው ቆማለች። በከተማችን የሙያ ኮሌጅ ብየዳ የምታስተምረው እርሷ ናት፤ ብረት መያዝ የጀመረችውም እዚሁ ቤት ነው። ፊቷ ደህና አልነበረም።

«ጋሼ፣ የብየዳ ክፍላችን ሊዘጋ ነው» አለች። «ማሽኖቹ ተጭነው ወደ ትልቁ ከተማ ኮሌጅ ይሄዳሉ። መማር የፈለገ እዚያ ሄዶ ይማር ተብሏል።»

«ማን አለ?»

«የኮሌጆቹ ኅብረት ጉባኤ።»

ሽማግሌው የብየዳ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቀሉ። የመጨረሻ ልጃቸው በዚያ ክፍል ሁለተኛ ዓመቷን ይዛለች። እናቷ ከሞተች ወዲህ አባትና ልጅ ብቻቸውን ናቸው። በትልቁ ከተማ የሚያስጠጋት ዘመድ የለም፤ ክፍሉ ከተዘጋ ትምህርቷም አበቃለት ማለት ነው።

«አላልኩም?» አሉ ወደ እኔ ዞረው። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ! የአካባቢው ኮሌጆች አንድ ኅብረት እንመሥርት ሲሉ ያኔውኑ ሸቶኝ ነበር። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር አሉን። አንበሳው ማን ነው ብዬ ብጠይቅ ሳቁብኝ። ይኸው፣ አንበሳው እኛው ሆነን አረፍነው!»

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ያሰረን ኅብረቱ አይደለም» አለች የእኅታቸው ልጅ። «በጉባኤው ከየኮሌጁ ዲኑ፣ አንድ መምህር፣ አንድ ሰልጣኝ፣ ከከተማው ደግሞ አንድ የሙያ ቤት ባለቤት ይቀመጣል። የኛ ከተማ ባለቤት ማን ነው?»

«እኔን መርጠውኝ ነበር። አልሄድኩም።»

«ለምን?»

«ስላልተስማማሁ ነዋ!»

እዚህ ላይ የብረት ሠሪዎቹን ጠባይ ላስረዳ። በእነርሱ ዘንድ ሰው ነገሩን ካልወደደው አይሄድም። ጠሪውም መቅረቱን አይቶ «እምቢ ብሏል» ይላል፤ ሌላ ቃል አያሻም። እኔ ይህን ኩራት አልወደውም፤ ግን በመንደራቸው ሲሠራ አይቻለሁ።

«እዚያ ግን መቅረት ሌላ ትርጉም አለው» አለች መምህሯ። «በጉባኤው ደንብ ያልመጣ ሰው እንደ ተስማማ ይቆጠራል። እኔ ተቃወምኩ፣ ዲናችንም ሰልጣኛችንም ተቃወሙ፤ የእርስዎ ባዶ ወንበር ግን ተስማማ ተብሎ ተቆጠረ። የተሸነፍነው በአንዲት ድምፅ ነው።»

ሽማግሌው መነጽራቸውን ከግንባራቸው አወረዱ። ቀስ ብለውም፣ «እንግዲህ የልጄን ክፍል የዘጋሁት እኔ ነኝ ማለት ነው?» አሉ።

መምህሯ አፍራ መሬት መሬት አየች። እኔ ግን ይሉኝታ አልፈጠረብኝም።

«አዎ፣ እርስዎ ነዎት» አልኳቸው።

«ተው እንጂ ዶክተር! አልመጣም ያለን ሰው ተስማማ ማለት ራሱ ተንኮል አይደለም?»

«ተንኮልም ሊሆን ይችላል» አለች የእኅታቸው ልጅ። «ግን ደንቡ የሚለወጠው እዚያው ተገኝቶ ነው። ውሳኔው ገና በሚቀጥለው ጉባኤ ነው የሚጸድቀው። ይሂዱልን፣ ጋሼ።»

«ብሄድስ? አንቱ አንቱ ብለው፣ ሻይ አጠጥተው፣ አስጨብጭበው ይሸኙኛል!»

«ለማጨብጨብማ ሰው ሞልቶናል። ያጣነው ጠርጣሪ ነው። ሌላ ሰው የበየደውን ብረት በመዶሻ ሳይመቱ ተቀብለው ያውቃሉ?»

«እንዴት ተደርጎ!»

«እንግዲያው ይህንንም ይምቱት። ደጅ ሆነው ቢጠረጥሩ ሐሜት ነው የሚሆነው፤ ወንበሩ ላይ ሆነው ቢጠረጥሩ ግን መልስ የሚሰጥዎ አለ።»

«እሄዳለሁ» አሉ በመጨረሻ። «አምኜ ግን አይደለም!»

«አምነው ይሂዱ ማን አለዎት?» አለችና አሳቀችን።

እኔም ነገሩን ሳላይ እንቅልፍ አይወስደኝም ብዬ እስከ ጉባኤው ድረስ ተከተልኳቸው። ሽማግሌው የቀረበላቸውን ሻይ አልነኩም። የትልቁ ከተማ ዲን ስለ ሰፊው አዳራሻቸው ተናግረው ሲጨርሱ፣ ሽማግሌው ተነሡ።

«አዳራሹስ እሺ። በከተማችሁ ሰልጣኞቹን ሥራ ላይ የሚያለማምድ በያጅ ማን ማን ነው?»

«እየተጠና ነው» አሉ ዲኑ።

«ማነው የሚያጠናው?»

ዲኑ ወረቀታቸውን አገላበጡ።

«በእኛ ከተማ ከጋራዡ እስከ በርና መስኮት ሠሪው ድረስ በሩን ከፍቶ ያለማምዳል። ማሽን መኪና ላይ ይጫናል፤ የሚያለማምድ ባለሙያ ግን እንደ ዕቃ አይጫንም!»

ድምፅ ተሰጠ፤ ክፍሉ ባለበት ጸና። ሽማግሌው ግን አልተቀመጡም። ያልመጣ ሰው አልመጣም ተብሎ ብቻ ይመዝገብ ብለው ሞገቱ፤ ደንቡም ተለወጠ።

ዛሬ ኮሌጆቹ ለአንድ ዓይነት ማሽን አይሻሙም። እያንዳንዱ ከተማው የሚያለማምደውን ሙያ ይዞ ሌላውን ለጎረቤቱ ይተዋል። በበላይ መሥሪያ ቤት ፊትም፣ ቀድሞ በየራሳቸው ለምነው ያጡትን መሣሪያ አሁን በአንድ አፍ ጠይቀው ያገኛሉ። ኅብረት የሚጠቅመው እንዲህ ነው፤ ወንበሩ ሁሉ ሰው ሲኖረው።

በቀደም ሽማግሌው ተቆጥተው መድኃኒት ቤቴ ገቡ። ሰልጣኞቹ በጉባኤው ተወካያችን ብለው የመረጡት ልጃቸውን ነው ለካ!

«ሰልጣኞች ቅዳሜም ይሥሩ ብዬ ሐሳብ ባቀርብ፣ ብድግ ብላ ‹የተከበሩት የባለቤቶች ተወካይ ተሳስተዋል፤ ቅዳሜ የምናጠናበት ቀን ነው› አትለኝም? በዚያ ሁሉ ሰው ፊት! አሸነፈችኝም!»

«ታዲያ ተናደዱባት?»

«ተናደድኩ እንጂ! ማታ ቤት ድረስ ስንከራከር መጣን።» ድምፃቸው ዝቅ አለ። «እናቷ ከሞተች ወዲህ ያን ያህል አውርታኝ አታውቅም፣ ዶክተር።»