በኮረንቲ የተነሣው እግር

እልልታ ስሰማ ለምን እንደማቀረቅር ልንገራችሁ። ልጄ ከጦር ግንባር ጀርባውን ተመትቶ ሲመለስ እግሮቹ አልታዘዝ ብለውት ነበርና ከአገራችን ከደዶ ወደ ጅማ ሆስፒታል ወሰድኩት። ሲስተሯ ጭኑ ላይ እርጥብ ጨርቅ አደረገች፤ በሽቦ ከአንዲት ሣጥን ጋር አገናኝታ ቁልፏን አዞረች። ስንት ወር እንደ ግንድ የከበደው እግሩ ከአልጋው ጫፍ ብድግ አለ! «አልሐምዱሊላህ!» ብዬ እልልታዬን አቀለጥኩት። ኮሪደር ላይ ወረፋ የሚጠብቁት እናቶችም ምኑንም ሳያዩ ተቀበሉኝ። ሲስተሯ እጄን ያዘች። «እማማ፣ ያነሣው ኮረንቲው ነው፤ እሱ አይደለም። ጡንቻው እንዳይመነምን ብለን ነው» አለችኝና ቁልፏን መለሰችው። እግሩ ወደቀ። ልጄ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ፣ «እማዬ፣ በአላህ ውጪና ዝም በሉ በያቸው» አለኝ።

ስወጣ አንዲት የማላውቃት እናት አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። በቃሬዛ ያመጣችው ልጇ አጠገቧ ተኝቷል። «ገለተ ረቢ፣ ምስጋና ለፈጣሪ! ያንቺ ተነሣ፤ እንግዲህ የኔም ይነሣል፣ አይደል?» አለችኝ። እውነቱን ልነግራት አፌን ከፈትኩ። ልጇ ቀና ብሎ አፍ አፌን ያያል።

«ኢንሻአላህ» አልኳት።