ሲሶ ይበልጣል እርቦ?

እትዬ ጥሩወርቅ ጡረታ የወጡ የሂሳብ መምህርት ናቸው። መካነ ኢየሱስ ከተማ ወደምናስተምርበት ትምህርት ቤት መጥተው ለእኛ ለመምህራኑ የተናገሩት ይህ ነው፤ ቃላቸውን አልለወጥሁም።

«በእኛ ጊዜ ክፍልፋይ የሚጀመረው ከአውድማ ነበር። ልጆቹን ይዤ እወጣለሁ፣ አፈሩን እንደ እህል ይከምሩታል፣ "ይኸው ምርቱ፤ አራሽና ባለመሬት ሁናችሁ ተካፈሉ" እላለሁ፣ ታዲያ ይጣላሉ፣ "ቀነስህብኝ!" "ኧረ አንተ ነህ የቀነስህ!" ይባባላሉ፣ እና በጠባቸው መሐል ሂሳቡ ይገባቸዋል። ሰሌዳው ከዚያ ወዲያ ነው። ከዚያ ወዲያ!

አሁንሳ? የልጅ ልጄ ይታይሽ ደብተሯን ወርውራ ገባች። "ምነው?" አልኋት። "ከእንግዲህ አልማርም!" ለካ መምህር ደሳለኝ፣ አዎ አንተ፣ ቀና በል እንጂ፣ "ከአንድ ሦስተኛና ከአንድ አራተኛ የቱ ይበልጣል?" ብሏታል። "አንድ አራተኛ።" "ለምን?" "አራት ከሦስት ስለሚበልጥ።" ስሙኝማ፣ ይህ እኮ ያሰበ ልጅ ስሕተት ነው! እሱ ግን እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ "አጨብጭቡላት! ሊቋን እዩልኝ!" አለ። እና ክፍሉ አጨበጨበ፣ እና ዛሬ መንደሩ ሁሉ "አራተኛ፣ አራተኛ" ይላታል። አባቷ ደግሞ "እሰይ፣ አጨዳ ደርሶ ሰው ጠፍቶኝ ነበር፤ ትቅር" ይለኛል። ትቅር! በአንድ ጭብጨባ ልጅ ትቅር!

ታዲያ እኔ አጠገቤ አስቀምጬ ጠየቅኋት። "አባትሽ ለባለመሬቱ ሲሶ ቢሰጥ ይበዛል እርቦ?"

"እንዴ እማዬ፣ ሲሶ ነዋ!"

"ለምን?"

"እርቦማ አራት ቦታ ተከፍሎ ነው፤ ድርሻው ያንሳል።"

ሰማችሁ? እንባዋ ሳይደርቅ ትስቅብኛለች! ሲሶ ማለት ያ አንድ ሦስተኛ፣ እርቦ ማለት ያ አንድ አራተኛ ነው ያላት የለም። አንድም ሰው! የምታውቀውን ደጅ አስቀርታችሁ፣ በማታውቀው ስም ጠይቃችሁ፣ መልሳችሁ ትስቁባታላችሁ። ይህ ማስተማር ነው?»

መምህር ደሳለኝ ብድግ አለ።

«እትዬ፣ ነገ ይላኳት። ከሲሶ እጀምራለሁ።»

«አልልካትም!» አሉ። «አንተ ና። ያጨበጨቡትን ሁሉ አስከትለህ እኛ አውድማ ድረስ ና። አፈሩን እሷ ትከፍላለች፤ አንተ ታጨበጭባለህ።»