ድፎውን ማን ይቁረስ?

ደብረ ብርሃን፤ የሰናይት መልስ ነገ ነው፤ እናቷ የውብዳርና የአባቷ የአድማሱ ታላቅ ወንድም ጋሼ ሽብሩ ጓዳ ገብተው ይጨቃጨቃሉ።

የውብዳር፦ የባሌን ወንበር ለማንም አልሰጥም! ልጁን የዳረው እሱ፤ ነገ ድፎውን ቆርሶ የሚመርቃትም እሱ!

ሽብሩ፦ ቀስ በይ እንጂ፣ ሰው ይሰማሻል። አድማሱ ቢላዋ ሲያነሳ እጁ እንደ ቄጠማ ይርገፈገፋል። አማቾቻችን ፊት ሰካራም እንዲባልልሽ ነው?

የውብዳር፦ ተብሏልኮ! የሠርጉ ዕለት ገና በጠዋት በር ዘግተው አረቄ የጋቱት ማን ሆኑና?

ሽብሩ፦ ለሱው ብዬ ነው! አንድ መለኪያ እንደቀመሰ እጁ ቀጥ አለ። ሱስ ካልሆነ ታዲያ ምንድን ነው?

የውብዳር፦ ፊደል ባልቆጥርም ጆሮ አለኝ፤ ሐኪሙ ሲያስረዳው አጠገቡ ነበርኩ። ከማጅራት በላይ ትንሽ አንጎል አለ...

ሽብሩ፦ ደግሞ ሐኪም ሆንሽልኝ!

የውብዳር፦ ያድምጡኝ! እጅን ልክ የሚያስይዘው እሱ ነው። መልእክቱን መሃል አንጎል ውስጥ፣ ታላመስ ወደሚሉት ቦታ የሚያደርስ የነርቭ መንገድ አለ። የታወከው እሱ መንገድ ነው። ለዚህ ነው እጁ ጭኑ ላይ ሲያርፍ ጸጥ የሚለው፤ ሊሠራበት ሲል የሚንቀጠቀጠው።

ሽብሩ፦ አረቄውስ?

የውብዳር፦ ለጊዜው ያደነዝዘዋል፤ ሲለቀው ይብስበታል። አፉ መሽተቱን ግን አገር አወቀው።

ሽብሩ፦ ያ ሁሉ ሰው እያየ ቢላዋው ቢያመልጠውስ?

የውብዳር፦ ጠማማ ቁራሽ ይበላሉ! ጠማማ ዳቦ ያነቀው አማች አላየሁም።

ሽብሩ፦ አንቺ ሴትዮ፣ በቅሎ እንኳ እንዳንቺ አትገግምም!

የውብዳር፦ እገግማለሁ። ይልቅ ይንገሩኝ፤ አረቄ ይህን እንደሚያስታግስ እኔ ሐኪሙ እስኪነግረን አላውቅም ነበር። እርስዎ በምን አወቁ?

ሽብሩ፦ ሰው ነገረኝ።

የውብዳር፦ የትኛው ሰው?

ሽብሩ፦ ተይኝ አልኩሽ!

የውብዳር፦ እጅዎን ከኪስዎ ያውጡና ያንን ጭልፋ ያቀብሉኝ፣ ጋሼ።

ሽብሩ፦ ...አባታችንም እንዲሁ ነበር። እኔም እህል ሳልቀምስ በጠዋት የምጎነጨው ለዚሁ ነው። ለማንም እንዳትነግሪ።

የውብዳር፦ ወይ ጉድ! ታናሽዎን ሰካራም እያሰኙ? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም። ነገ አድማሱ ይቆርሳል፤ እርስዎ አጠገቡ ቆመው ድፎውን ይይዙለታል። ሳይጠጡ።