ለመፍቻ የሚሆን ቦታ

ክቡር ዳይሬክተር፣ ክቡራትና ክቡራን፣ የሙያ ብቃት ምዘና ማዕከላችን ባልደረቦቼ፤

ከሁሉ አስቀድሞ፣ ሥራችሁን አቋርጣችሁ እኔን ለመሸኘት ለተሰበሰባችሁ ሁሉ እግዜር ይስጥልኝ። ወንበሮቹን ከወርክሾፕ ተሸክመው ያመጡትን የእንጨት ሥራ ልጆች በተለይ አመሰግናለሁ። አንደኛው ወንበር ይወዛወዛል። የተቀመጠበት ሰው ራሱን ያውቃል፤ እኔ ስም አልጠራም።

ምን እየጠበቃችሁ እንደሆነ አውቃለሁ። ዳይሬክተራችን ባለፈው ሳምንት ጠርተውኝ፣ ጡረታዎን ይውጡ፤ ግን አማካሪ ሆነው ከአዲሷ የምዘና ኃላፊ ጎን ቢቀመጡልን አሉኝ። መልሱን በስንብቴ ቀን እሰጣለሁ ብዬ ወጣሁ።

እውነቱን ልንገራችሁ? ልቤ እዚያው እሺ ብሎ ነበር። ቤት ቁጭ ብዬ ግድግዳ ማየት ያስፈራኛል። ባለቤቴም ፈርታለች፤ ቤት ከዋልኩ የምመዝነው እሷን ነዋ። አንድ ቀን ሾርባ ሠርታ እንዴት ነው አለችኝ። ሲመዝን የዋለ ሰው አፉ የለመደውን አይደል የሚናገረው? «ብቁ ነው» አልኳት። ማንኪያዋን አስቀምጣ አየችኝ። «ብቁ? ከመሥሪያ ቤትህ ካፌ ሾርባ ጋር እኩል ነው ማለት ነው?» ይኸው እዚያ ተቀምጣለች፤ ዛሬም ይቅር አላለችኝም።

ሳቁ፣ ሳቁ። ግን እኛስ ስንት ዘመን ስናደርግ የኖርነው ይህንኑ አይደለም? በእጃችን የነበሩት ሁለት ቃላት ናቸው፤ «ብቁ» እና «ገና ብቁ ያልሆነ»። አንዱ እንደ ነገሩ ሠርቶ ያልፋል፣ ሌላው ነፍሱን ሰጥቶ ይሠራል፤ ሁለቱም ያንኑ ወረቀት ይዘው ይወጣሉ።

አንድ ቀን የቧንቧ ምዘና ላይ ነበርን፤ እኔና ሚሊሜትር። አዲስ ለመጣችሁ፣ ሚሊሜትር የምንለው ያን ጥግ ላይ የተቀመጠውን ጓደኛዬን ነው። ሰላምታ ሲሰጣችሁ እንኳ በልኩ ነው። ተመዛኞቹ ቧንቧውን ግድግዳው ላይ ልጥፍ አድርገው ገጠሙት፤ ለዓይን ያምራል። አንዲት ልጅ ግን መገጣጠሚያውን ሁሉ ደንቡ እስከሚፈቅደው ጫፍ ድረስ ከግድግዳው አራቀችው። ከሁሉም ኋላ ጨረሰች። ሚሊሜትር ለካና፣ ይህን ያህል ያራቅሽው ለምንድን ነው አላት።

«ነገ ሲያፈስ የሚጠግነው ሰው መፍቻውን የት ያዙረው?» አለችው።

እኔ በቧንቧ ሥራ ያረጀሁ ሰው ነኝ። ይህ ጣቴ ላይ ያለው ጠባሳ ከየት የመጣ ይመስላችኋል? ቦታ ሳይተውልኝ ገጥሞ ከሄደ ሰው ነው። ማን እንደሆነ አላውቀውም፤ ግን ስረግመው ኖሬአለሁ። ይህቺ ልጅ ደግሞ ለማታውቀው ሰው ጣት አሰበች። በዚያች ሰዓት ደስታዬ ልክ አልነበረውም።

ታዲያ ምን ሰጠናት? «ብቁ»። ወረቀቷን ተቀብላ ቆም አለችና፣ አጠገቧ የነበረው ልጅ ምን እንዳገኘ ጠየቀችኝ። እሱም ብቁ ነው አልኳት። «እንግዲያው እኔን ምን አለፋኝ?» ብላ ወጣች። ምላሷ እንደ እጇ የሰላ ነው፤ ዛሬም አልተለወጠችም። ያ ጥያቄ ግን እንቅልፍ ነሳኝ።

«የላቀ» የምትባለዋን ሦስተኛ ቃል ይዤ በየቢሮው መዞር የጀመርኩት ከዚያ ወዲህ ነው። ስንቱ አሾፈብኝ። አንዳንዱ፣ ሁሉም የላቀ ነኝ ካለ አቤቱታውን ማን ይችለዋል ይለኛል። አልተሳሳቱም። መጀመሪያ ስንሞክረው ጉድ ሆንን። አሠሪዎችን ሠራተኛችሁ እንዴት ነው ብለን ብንጠይቅ፣ አገር ምድሩ የላቀ ሆኖ ቁጭ አለ። አንድ ባለጋራዥማ ለሚስቱ ወንድም ከላቀ በላይ ሌላ ካለ ጨምሩለት አለን።

ነገሩን ያዳነው ሚሊሜትር ነው። «እንዴት ነው ብላችሁ አትጠይቁ። ማንም ሳያዘው ያደረገውን አንድ ነገር ንገሩን በሏቸው» አለ። ባለጋራዡ እስክሪብቶውን ይዞ ብዙ አሰበ። በመጨረሻ ምን ብሎ ቢጽፍ ጥሩ ነው? «ማንም ሳያዘው ወደ ቤቱ ይሄዳል።»

በዚያች ጥያቄ «የላቀ» ጸደቀልን። ዛሬ ያንን ወረቀት ይዘው የሚሠሩ አሉ። አንዷ ፀጉር ሠሪ ናት፤ ማየት ለማትችል ደንበኛዋ መቀሱ የት እንደደረሰ እየነገረቻት ነው የምትሠራላት። እንዲህ እንድታደርግ ማንም አላዘዛትም። እሷን ሳስብ፣ ዕድሜዬ በከንቱ አላለፈም እላለሁ።

ያቺ የቧንቧዋ ልጅስ? ከሰኞ ጀምሮ የምዘና ኃላፊያችሁ ናት።

ትናንት ቢሮዋ ገባሁ። የአማካሪው ጠረጴዛ ከወዲሁ ገብቷል፤ የኔ መሆኑ ነው። ክፍሉ ጠባብ ስለሆነ ከፋይል ካቢኔዋ ፊት አስቀምጠውታል። አንድ ወረቀት ፈልጋ መሳቢያውን ሳበችው፤ ግማሽ ድረስ መጣና ጠረጴዛዬን መትቶ ቆመ። እጇን በጎን አስገብታ እንደምንም ወረቀቱን አወጣች። ያቺ ምላሰኛ፣ ለኔ ብላ፣ ምንም አላለችም።

ክቡር ዳይሬክተር፣ መልሴ እዚያው ተገኘ። ስላሰቡልኝ ከልብ አመሰግናለሁ፤ ግን አልቀመጥም። እኔ እዚያ ከተቀመጥኩ፣ እሷ መፍቻዋን የት ታዙረው? ትናፍቁኛላችሁ፤ አትናፍቁኝም ብል ውሸት ይሆናል። ቢሆንም ደስ ብሎኝ ነው የምሄደው።

አንድ ነገር ይቀረኛል። ልጄ፣ ያንቺ ወረቀት ዛሬም «ብቁ» ነው የሚለው። ደንቡ ወደ ኋላ ተመልሶ አይሠራም፤ የኔም ፊርማ ከዛሬ ወዲያ አይሠራም። ጡረተኛን ግን ማን ይቆጣዋል? የያኔው መዛኝሽ በቃሌ ልናገር፦ የላቀ። ደንባችን ሁለት መዛኝ ይፈልጋል። ሚሊሜትር፣ ምን ትላለህ? እዩልኝ፣ ራሱን ነቀነቀ። እሱ ደግሞ ያለ ልኩ አይነቀንቅም።

እንግዲህ ወዳጆቼ፣ እጃችሁ አይዛል፣ ዓይናችሁ አይፍዘዝ፣ የሠራችሁት ይጽና። ከእናንተ በፊት የሠራ ሰው ቦታ የተወላችሁ፣ እናንተም ለሚመጣው የምትተዉ ያድርጋችሁ። እኔም ቤቴ ገብቼ ሾርባ ማመስገን እማራለሁ።

አሁን ጉልበት ያላቸው ሁለት ሰዎች ይምጡና ያንን ጠረጴዛ እናውጣው። ሚሊሜትር በሩን ይለካልናል።