ላኪው ያልታወቀ መልእክት

በምርጫው ዕለት ከቀትር በኋላ ድምፄን ሰጥቼ ስመለስ፣ ጎረቤቴ ጡረተኛው ፖስተኛ ከእህታቸው ልጅ ጋር ደጃፋቸው ላይ ቆመው ሲከራከሩ አገኘኋቸው። ልጅቱ መምህርት ናት። እኔም ክርክር ስለምወድ መንገዴን ትቼ ቆምኩ።

“ጋሼ፣ እስቲ ይፍረዱን” አለችኝ። “አጎቴ ‘የሰፈራችን ምርጫ ወደ ነገ ተዛውሯል’ የሚል መልእክት ለሰፈሩ ሰው ሁሉ በስልክ ልከዋል። ሰዉም እሳቸውን አምኖ ቤቱ ተቀምጧል።”

ምርጫው ዛሬ መሆኑን፣ ቀለም የነካ ጣቴን አሳይቼ ነገርኳቸው።

“እኔ ታዲያ ምን አጠፋሁ?” አሉ ሽማግሌው። “ሠላሳ ዓመት ሙሉ እጄ የገባ ደብዳቤ አድሮ አያውቅም። ይኸም ደረሰኝ፣ አደረስኩ። መልእክተኛ ደግሞ አይወቀስም።”

“ያ ደብዳቤ የታሸገ ነበር፤ ውስጡን አያውቁትም። ይኼን ግን አንብበው ነው የላኩት። ሰውም ያመነው የእርስዎን ስም አይቶ ነው። ለመሆኑ ማን ላከልዎ?”

“የባልደረባዬ ልጅ።”

“ለእሱስ?”

“እኔ ምኑን አውቄ!”

“ይህ ሰፈር ድምፅ ባይሰጥ የሚጠቀም ተወዳዳሪ የለም ይላሉ?”

ስልካቸውን አውጥተው መልእክቱን ደግመው አነበቡት። እውነቱን ልናገርና፣ እኚህን ሰው ሲሸነፉ ማየቴ ደስ አሰኝቶኛል።

“እንግዲያው ውሸት ነው ብዬ ልላክ” አሉ በመጨረሻ።

“ይላኩ። ግን ሁሉም በጊዜ ላያየው ይችላል፤ ጣቢያው አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ይዘጋል።”

መልእክቱን ልከው ጫማቸውን አጠለቁ። ቤት ለቤት ለመናገር ልጅቱ የላይኛውን መንገድ ያዘች፤ እሳቸው የታችኛውን። እኔም ነገረኛ ነኝና ተከተልኳቸው። አንዷ ጎረቤት “በስተርጅና ቅጥፈት!” ብላ በሩን ብትዘጋባቸው ደግመው አንኳኩ። “ስደቢኝ፣ ግን ነጠላሽን ልበሽና ውጪ” አሏት። ሰዉ እያጉረመረመም ቢሆን ወጣ።

አንባቢ ሆይ፣ ዛሬ ስልክ የያዘ ሁሉ ፖስተኛ ነው። ከመላካችን በፊት ‘ማን አለው? ለምን አለው?’ ብለን ብንጠይቅ፣ የሚመራንን የምንመርጠው ራሳችን እንሆናለን፤ ጎረቤትም ከጎረቤት አይቀያየምም።

የመጨረሻውን በር አንኳኩተው ጣቢያው ስንደርስ ተዘግቶ ነበር። ዘበኛውን አልለመኑትም። ቀድማን የደረሰችው ልጅ “የእርስዎ ድምፅ ቀረ እኮ!” አለች።

“የኔን የነጠቀኝ ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ እከሰው ነበር” አሉ።